ግልጽ ደብዳቤ፦ ጥቁሩ ሙሌት ሲወጣ ጉጠት እንዳይተካው

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
ለጥርስ ሐኪሞቻችንና ለክሊኒክ ባለቤቶች

የተከበራችሁ፣

የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ወንበሩ ላይ ተጋድሞ አፉን የሚከፍት ሰው ነኝ። ስለ ጥርስ ሙሌት ግን ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ሐኪምም በጥያቄ አድክሜያለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው።

በከተማችን ታካሚው ወደ ነጩ ሙሌት እየሄደ ነው። ማንም ሰው ሲስቅ መንጋጋው ላይ ጥቁር ነገር እንዲታይበት አይፈልግም። እኔም የምመርጠው ነጩን ነው፤ ዛሬ ጥርሴ ቢበላ ሐኪሜን የምጠይቀው እሱኑ ነው። ዓለምም በዚያው መንገድ ላይ ነው። ጥቁሩ ሙሌት፣ አማልጋም፣ ጊዜው እያበቃ ነው። ያበቃ ዘንድም ይገባዋል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጥቁሩ ሲወጣ በቦታው ምን ይገባል? ገንዘብ ያለው ሰው ነጩን ያስሞላል። የሌለውስ? አገራችን ውስጥ ሙሌት መክፈል ያልቻለ ሰው ጥርሱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ማስታገሻ እየዋጠ ይቆያል፣ ሕመሙ ሲብስበት ሄዶ ያስነቅላል። ጥቁሩ ሙሌት ወጥቶ ጉጠት ከተካው ለድሃው ምን ተሻሻለለት?

መጀመሪያ ግን ለጥቁሩ ሙሌት ፍርድ እንስጠው። አማልጋም በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ሜርኩሪው ከብረቶቹ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ከ150 ዓመት በላይ የሰው ልጅ መንጋጋ ላይ ሠርቷል። ርካሽ ነው። ቶሎ ያልቃል። ሲሠራ ትንሽ ምራቅ ቢነካውም አይከፋውም። የኋላ ጥርስ ላይ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ መንጋጋ ላይ ነጩ ሙሌት የመበላሸት ዕድሉ ከጥቁሩ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምለው ነጩን ለማጣጣል አይደለም። ታካሚው ሲመርጥ አውቆ ይምረጥ ብዬ ነው። ማስታወቂያው ላይ ይህ አይጻፍማ!

ታዲያ ለምን ይወጣል? ዋናው ምክንያት ሜርኩሪው ነው፤ በተለይም ከአፋችን ውጭ የሚሄደው። ሐኪሙ አሮጌ ሙሌት ሲሰረስር ፍርፋሪው በውኃ ታጥቦ ፍሳሽ ውስጥ ይገባል። ከፍሳሽ ወንዝ፣ ከወንዝ ሐይቅና ባሕር፣ ከዚያ ዓሣ። ሚናማታ የምትባል የጃፓን ከተማ ይህ ምን እንደሚያደርግ አሳይታለች። እዚያ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለዓመታት ባሕር ውስጥ ለቀቀ። ዓሣውን የበሉ ሰዎች ነርቫቸው ተጎዳ። በማኅፀን ሳሉ ተጎድተው የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የዓለም አገሮች እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ሜርኩሪ የፈረሙት ስምምነት ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው።

ስምምነቱ መጀመሪያ ላይ አማልጋምን ቀስ በቀስ ቀንሱ ነበር የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጠበቅ አደረገው፤ ሐኪሙ ለታካሚው የግድ ያስፈልገዋል ካላለ በቀር ለወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች አማልጋም እንዳይሠራ፣ ቢያንስ እንዳይመከር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ደግሞ እስከ 2034 ጨርሶ እንዲወጣ ተስማሙ። ኖርዌይ ግን ማንንም ሳትጠብቅ ገና እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የከለከለችው።

የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2025 መባቻ ጀምሮ ከልክሏል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኅብረቱ ለአንዳንድ አባል አገሮች እስከ 2026 አጋማሽ ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ምክንያቱም እነዚያ አገሮች የሕዝብ መድኅናቸው የሚከፍለው ለአማልጋም ብቻ ነበር። በአንድ ሌሊት ቢከለከል አቅም የሌለው ሰው ሙሌት ያጣል ተብሎ ተሰጋ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ካሳሰበ፣ እኛ አገር እንቅልፍ ሊነሳን ይገባል።

አሁን ወደ ነጩ ልምጣ። ሐኪሞች ኮምፖዚት የሚሉት ነው። ሙጫ መሰል ነገር ውስጥ የደቀቀ መስታወት ተቀላቅሎበት የሚሠራ ነው። ጥርሱ በአሲድ ጄል ለጥቂት ሰኮንድ ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ማጣበቂያ ይደረግበታል፣ ከዚያ ነጩ ነገር እንደ ግድግዳ ልስን ስስ ስስ እየተደረገ ይሞላል። እያንዳንዱ ድርብ በሰማያዊ መብራት ይደርቃል። ትልቁ ጥቅሙ መልኩ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ጥርስ ቆጣቢነቱ ነው። አማልጋም ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ተቆልፎ እንዲቀመጥ ሐኪሙ ከተበላው ክፍል አልፎ ጤነኛውንም ጥርስ መቦርቦር አለበት። ነጩ ስለሚጣበቅ የተበላውን ብቻ አንስቶ መሙላት ይቻላል። ዛሬ የተረፈች ጤነኛ ጥርስ ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ሙሌት ሲያስፈልግ ዋጋዋ ይታወቃል።

ግን ነጩ ሙሌት ችኮላ አይወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ማጣበቂያው ከተቀባ በኋላ ምራቅ ወይም ደም ከነካው መያዣው ይላላል። ለዚህ ነው ጥርሱን ከምራቅ የሚለይ የላስቲክ ሽፋን የተሠራው። ስንት ክሊኒክ ይጠቀመዋል? አብዛኞቻችን አፋችን ውስጥ ጥጥ ብቻ ነው የምናውቀው። ጥጥ በደንብ ከተቀያየረ መጥፎ አይደለም። ግን ከውጭ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ሲሆን ጥጡም ይረሳል።

መብራቱ ደግሞ አለ። የተለመደው ኮምፖዚት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ከተደረገ መብራቱ ታች ድረስ አይዘልቅም። ላዩ ይደርቃል፣ ታቹ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የመብራቱ ጉልበትም ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ በዓይን ሲያዩት ግን ያው ሰማያዊ ነው። ጉልበቱን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ታካሚው ምንም ሳያውቅ ፈገግ ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይነዝረዋል፣ በሙሌቱ ጠርዝ ሥር ጥርሱ እንደገና ይበላል። «ነጩ ሙሌት አይበረክትም» የሚለው ወሬ ግማሹ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ክሊኒክ ለሚፈትሹ ተቆጣጣሪዎች የመጀመሪያ ልመናዬ ይኸው። ክሊኒክ ስትፈትሹ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ብቻ አትዩ። የማድረቂያውን መብራት ጉልበት ለኩ። የኮምፖዚቱንና የማጣበቂያውን ማብቂያ ቀን እዩ፤ ሁለቱም ማብቂያ ቀን ያላቸው ነገሮች ናቸው። ዕቃው የሚመጣው ከውጭ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ክሊኒኮቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዕቃ ሲወደድ ጊዜ ያለፈበትን ለመጠቀም የሚፈተን ሰው አይጠፋም።

ለሐኪሞቻችን የምለው ደግሞ አለኝ፤ በአክብሮት ነው።

አንዲት የማውቃት እናት ለአንድ የተሰበረ ጥርስ ክሊኒክ ሄደች። ስሙን አልጠቅሰውም። እዚያ የነገሯት የተሰበረውን ብቻ አልነበረም። «እነዚህ ጥቁሮቹ መርዝ ናቸው፣ ሁሉንም አውጥተን በነጭ እንቀይራቸው» አሏት። ሙሌቶቹ ለዓመታት ያላስቸገሯት፣ ጠርዛቸው ያልተከፈተ ነበሩ። የተነገራት ሒሳብ የጥቂት ወር ደመወዟ ነው። ደንግጣ እኔን ስትጠይቀኝ ሌላ ሐኪም አማክሪ ከማለት ሌላ የማውቀው አልነበረም። ሌላው ሐኪም የተሰበረውን ሠርቶ ሌሎቹን አትንኪያቸው አላት።

ልክ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡ፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ልጆች፣ የነርቭ ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ያለባቸው ሰዎች አዲስ አማልጋም ባያስሞሉ ይመረጣል ብሏል። እዚያው ላይ ደግሞ ደህና የሆነን አማልጋም ያለ ሕክምና ምክንያት አታውጡ ብሎ አክሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተረጋግቶ የተቀመጠ ሙሌት የሚያወጣው ተን እጅግ ጥቂት ነው። ሲሰረሰር ግን ተኑ ለጊዜው ይጨምራል። ጤነኛ ጥርስም አብሮ ይላጋል። እና ወዳጆቼ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ «ሜርኩሪ አፍህ ውስጥ ተሸክመህ ትዞራለህ እንዴ!» ስላላችሁ ብቻ ክሊኒክ አትሩጡ። ያ ዘመድ ራሱ መድኅኑ ለኋላ ጥርስ ነጭ ሙሌት የሚከፍለው በአማልጋም ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ የአሜሪካ የጥርስ መድኅኖች እንደዚያ ናቸው፣ ልዩነቱን ከኪሱ ነው የሚጨምረው።

በፍርሃት መሸጥ ይቅር። ነጩ ሙሌት በራሱ ጥሩ ነው፤ ለመሸጥ ጥቁሩን ጭራቅ ማድረግ አያስፈልገውም። እሱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። የሚሠራበት ሙጫ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ኬሚካል ሊለቅ እንደሚችል ይታወቃል፣ መጠኑ እጅግ ትንሽ ቢሆንም።

ከሐኪሞቻችን የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። የትኛው ጥርስ፣ በምን ዕቃ፣ በምን ቀን፣ በስንት ብር እንደተሞላ የሚል። «ሙሌት» ብቻ የሚል ደረሰኝ ምንም አይነግረንም። ኮምፖዚት ይሁን ሌላ ነገር፣ ጊዜያዊ ይሁን ቋሚ፣ ታካሚው ሳያውቅ ይወጣል። ጊዜያዊ ሙሌት ተደርጎለት እንደ ቋሚ የሚያኝክበት ስንት ሰው አለ! ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ሐኪም ቢያየው ያ ወረቀት ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል። ዋጋውም ከመርፌው በፊት ይነገረን። አፍ ከደነዘዘ በኋላ መከራከር ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ፤ ወደ ጤና ሚኒስቴር።

ነጭ ሙሌት ሲባል ሁሉም ሰው ኮምፖዚትን ያስባል። ሌላ ነጭ አለ። ግላስ አዮኖመር ይባላል። ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት ነው። እንግሊዝ አገር ከ50 ዓመት በፊት የተገኘ ነው። ሰማያዊ መብራት ሳያስፈልገው ራሱ ይጠነክራል። ከጥርሱ ጋር በራሱ ይጣበቃል። ጥርስን ከመበላት የሚከላከለውን ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። ውበቱ የኮምፖዚትን ያህል አይደለም፣ ጥንካሬውም ያንሳል፤ ሰፊና ብዙ ጎን ያለው ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ጉድጓዱ ትንሽ ሲሆንና በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን ግን ለዓመታት ጥሩ ይቆያል።

ለእኛ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የጥርስ ባለሙያዎች አንድ ዘዴ ጀመሩ። መሰርሰሪያ የለም። ኤሌክትሪክ የለም። የተበላውን ለስላሳ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርገው ያወጣሉ፣ ጉድጓዱን በዚህ ሙሌት ይደፍናሉ። ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ይበቃል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ፣ ዛፍ ሥርም ቢሆን ይሠራል። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎ ለዓለም አስፋፋው። ከጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ የወጣ ዘዴ ነው፤ መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ጤና ጣቢያ የተሠራ ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመርን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አብሮት ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናና የጥርስ መበላትን የሚያስቆም፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል የጠብታ መድኃኒትም ገብተዋል። ያ ጠብታ የተበላውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል፤ ቢሆንም የወተት ጥርስን ሕመም የሚያውቅ ወላጅ ጥቁረቱን ይችላል። መሠረታዊ ማለት የትም ጤና ተቋም ሊገኝ የሚገባው ማለት ነው። የድርጅቱ እ.ኤ.አ. የ2022 ሪፖርት እንደሚለው በዓለም 2 ቢሊዮን ያህል ሰው የቋሚ ጥርስ መበላት አለበት፤ ከ500 ሚሊዮን በላይ ልጆች ደግሞ የወተት ጥርሳቸው ተበልቷል። ይህ የሀብታም በሽታ አይደለም። ስኳርና ለስላሳ መጠጥ የገባበት ቀበሌ ሁሉ በሽታው ገብቷል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አማልጋም የሚወጣበት ዕቅድ ሲወጣ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ግላስ አዮኖመር ጤና ጣቢያ የሚገባበት ዕቅድ ይጻፍ። ዱቄቱና ፈሳሹ በመንግሥት ግዥ ውስጥ ይግባ። የእጅ መሣሪያዎቹ ውድ አይደሉም፣ ታጥበውና ከጀርም ጸድተው ደጋግመው ይሠራሉ። ትናንሽ ጉድጓዶችን መድፈን የሚችሉ ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ ይሠልጥኑ። ሰው ሕመሙ ሳይብስበት እንዲመጣም ትምህርት ቤት ላይ ልጆቹን ማየት ይጀመር። አንድ የ12 ዓመት ልጅ መንጋጋው ላይ ያለች ትንሽ ጉድጓድ በጊዜ ከተደፈነች ኮምፖዚትም፣ የሥር ሕክምናም፣ ጉጠትም ላያስፈልገው ይችላል።

የስምጥ ሸለቆውን ሰው ደግሞ አትርሱብኝ። ዝዋይ፣ ወንጂ፣ መተሐራ አካባቢ ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ውኃው ውስጥ ከመጠን በላይ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን እዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ልጁ ጥርሱ ገና እየተሠራ ሳለ የጠጣው ውኃ ዕድሜ ልኩን ፈገግታው ላይ ይጻፋል። ሲስቁ አፋቸውን በእጅ የሚከልሉ ወጣቶች አሉ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የሚሸማቀቁ አሉ። ለእነሱ ነጭ ሙሌት ጥርሱን ለመሸፈን ከሚጠቅሙ መንገዶች አንዱ ነው። ይህ ዓይነት ጥርስ ላይ ማጣበቅ ከተራ ጥርስ ይከብዳል፣ አሲዱም ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ሊኖርበት ይችላል፤ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። እና እባካችሁ፣ ክፍያና መድኅን ሲወሰን ይህን ከቅንጦት ጋር አትደምሩት። መፍትሔው ንጹሕ ውኃ መሆኑን አውቃለሁ። ውኃው የሚያድነው ግን የነገዎቹን ልጆች ነው፤ የዛሬው የ20 ዓመት ልጅስ?

ቆሻሻውን በአጭሩ ልጥቀስ። አማልጋም ዛሬ ቢቆምም አሮጌው ሙሌት ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት እየተሰበረ ይወጣል። የአውሮፓ ክሊኒኮች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፍርፋሪውን ከፍሳሹ የሚለይ ማጥለያ እንዲያስገቡ ተገደዋል። የእኛ ክሊኒኮች ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ አካል ቢኖር ደስ ይለኛል። ቢያንስ የወጣው ቁራጭ በተከደነ ዕቃ ይጠራቀም፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይቃጠል፤ ሲቃጠል ሜርኩሪው አየር ላይ ነው የሚወጣው።

ለነፍሰ ጡሮችም አንድ ቃል። አዲስ አማልጋም አይመከርም ማለት ጥርስ አይታከምም ማለት አይደለም። «ስትወልጂ ነይ» ተብላ የምትመለስ እናት በመሀል ጥርሷ እስከ ነርቩ ይበላል። ነጩ አለላት፤ ግላስ አዮኖመሩም አለላት።

እ.ኤ.አ. 2034 ሩቅ ይመስላል። ባለሙያ ለማሠልጠን፣ ዕቃ ለማስገባት፣ ጤና ጣቢያ ለማዘጋጀት ግን ቅርብ ነው። ከሚኒስቴሩ የምጠብቀው መልስ ሁለት ነገር የያዘ ነው፤ ግላስ አዮኖመር በየትኛው በጀት ዓመት ጤና ጣቢያ መግባት እንደሚጀምር፣ እና አንድ ሙሌት እዚያ በስንት ብር እንደሚሠራ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ታካሚ፣ አዲስ አበባ